የዘለዓለም ኢቃማዬ

«አባየ፣ ከነበሩበት ቀበሌ መሸኛ ያምጡ» አለችኝ ልጅቱ።

ጎንደር ነው ይኼ የሆነው። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ መታወቂያ ሳይኖርዎ እንዴት ይኖራሉ» ብላ እየጎተተች በወሰደችኝ ቀበሌ።

«የነበርሁት ካርቱም ነው» አልኋት።

«እንግዲያው ከካርቱም ያምጡ።»

እየቀለደች መስሎኝ ፊቷን አየሁት። የለም፣ አትቀልድም። ካርቱም ለእሷ ከአዘዞ አለፍ ብላ የምትገኝ ቀበሌ ናት፤ ሊቀ መንበር አላት፣ ማኅተም አላት፣ ለምሳ ትዘጋለች። «ከዚያስ በፊት የት ነበሩ?» አለችኝ ደግሞ። ከዚያ በፊትማ እዚሁ ነበርሁ፤ በ1970 ዓ.ም. በሌሊት ሾልኬ የወጣሁት ከዚችው ከተማ ነው። ያን ጊዜ ቀበሌውን መሸኛ ብጠይቀው ኖሮ ወዴት ሊሸኘኝ እንደሚችል የእኔ ዕድሜ ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ የነበርሁበትን የሚያስረዳልኝ በዚህ ምድር ላይ አንድ ወረቀት ብቻ አለኝ። እሱም ይሥራ አይሥራ አላውቅም። አላጣራህም እንዳትሉኝ፤ አጣርቻለሁ። ማለቴ ላጣራ ሄጃለሁ። ጉልበቴን እያሻሸሁ ልንገራችሁ፣ ማንም ሌላ የሚሰማኝ የለም፤ የእህቴ ልጅ እንኳ «ጋሼ ያቺን የካርቱሟን ሊጀምር ነው» ብላ ወደ ማድ ቤት ሸሽታለች።

ወረቀቱ የሚኖረው በጣህኒያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ጣህኒያ ሱዳኖች ከዳቦ ጋር የሚበሉት የሰሊጥ ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጩ በሁለት ቀን ያልቃል፣ ቆርቆሮው ግን ሰው ይቀብራል። ወረቀቱ በአራት ሲታጠፍ ኖሮ እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፤ ወደ ብርሃን ብታነሡት መሐሉ ላይ መስቀል ይታያል። በግራ በኩል ፎቶግራፌ አለ፣ ጎፈሬዬ ከጠርዙ አልፎ በመቀስ የተከረከመ። በቀኝ በኩል ደምጋ አለ፣ እኛ ቴምብር የምንለው። ደምጋው ላይ ሐምራዊ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ከማኅተሙ በላይ ደግሞ አንዲት በእጅ የተጻፈች የዓረብኛ ቃል፦ «ዳይማ»። የማያልፍ፣ የዘወትር፣ ቋሚ ማለት ነው። የማያልፈው ቃል የመጀመሪያ ፊደሉ ከጠፋ ቆይቷል።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። ከመተማ ገላባት፣ ከገላባት ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ በጭነት መኪና ካርቱም። ኒሜሪ ነበሩ የሚገዙት። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 የጥገኝነት ሕግ አውጥታ ስለነበር እኛም በሕግ ስደተኞች ሆንን፣ ካርድ ተሰጠን። ዴም ሰፈር አንዲት ክፍል ለአምስት ተከራየን። ራዲዮ መጠገን እችል ነበርና ሱቅ አረቢ አንድ ሐጅ ዘንድ ተቀጠርሁ። ደግ ሰው ነበሩ፤ በየጊዜው ፖሊስ ጣቢያ እየመጡ እኔን ማስፈታት ሰለቻቸው መሰል፣ አንድ ቀን ማንን እንዳነጋገሩ እግዜር ይወቀው፣ ይኼን ወረቀት ይዘው መጡና ከብየዳው ጠረጴዛ ላይ አኖሩልኝ። «ዳይማ ነው» አሉኝ። «ኢቃማህ እስከ ቂያማ ነው።» ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ቂያማ የትንሣኤ ሙታን ቀን ነው። እኔም አመንሁ። የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ምን የማያምነው አለ?

ከዚያ ወዲህ ያላለፈ ነገር ምን አለ ብላችሁ ጠይቁኝ። ራዲዮ ጠጋኝ የመንግሥት ግልበጣን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያውቃል፤ የኦምዱርማን ራዲዮ ማለዳ ላይ ማርሽ ከመታ፣ ሰው ለዓመት የረሳውን የተበላሸ ራዲዮ አቅፎ ይሮጣል። መጋቢት 28 ቀን 1977 ኒሜሪ ወረዱ፤ እስከ ምሽት ቀና ብዬ አላየሁም። ሰኔ 23 ቀን 1981 ዑመር አልበሽር መጡ፤ ወረፋው እስከ ጋዜጣ ሻጩ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን 2011 አልበሽርም በተራቸው ሲወርዱ ግን ሰው ሁሉ ሞባይል ይዟል፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ መጣልኝ፣ የእሱም ባትሪው ነበር ያለቀው። ሥራዬም በዚያው አለቀ።

ገንዘቡስ? ስመጣ ጊኔ ነበር። በ1984 አካባቢ ዲናር መጣ፣ አሥር ጊኔ አንድ ዲናር ሆነ። በ1999 ዲናሩ ቀርቶ ደግሞ ጊኔ ተመለሰ፣ መቶ ዲናር አንድ አዲስ ጊኔ። ሕዝቡ ግን ልቡ ከመጀመሪያው ጊኔ ጋር ቀርቶ ኖሮ አንዱን አዲስ ጊኔ «አልፍ»፣ ሺህ እያለ ይጠራው ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ ወደ ብር እመልሰው ስለነበር አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት ሦስት መንግሥት ማስላት ነበረብኝ። ሰዓቱን እንኳ አልማሩትም። በጥር 1992 አልበሽር የአገሩን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፉት፤ በጥቅምት 2010 ወደ ቦታው መለሱት። አሥራ ስምንት ዓመት ያህል አገር በሙሉ በብድር ሰዓት ኖረ ማለት ነው። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ደቡቡ ተነጥሎ ራሱን ቻለ፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ የነበረው ካርታ በአንድ ሌሊት ውሸታም ሆነ። ይኼ ሁሉ ሲመጣና ሲሄድ የእኔዋ ዳይማ ቆርቆሮዋ ውስጥ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

ጥርጣሬ የገባኝ በ1992 ነው። የካቲት 22 ቀን፣ የዓድዋ ዋዜማ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ1983 በፊት ከኢትዮጵያ የወጣን ሁላችንም ከዚያች ቀን ጀምሮ ስደተኛ መባላችን አብቅቷል አለ። ነገሩ ሲብራራ ይኼ ነው፦ ደርግ ወድቋል፤ የሸሻችሁት ሰውዬ ራሱ ሸሽቶ ዚምባብዌ ገብቷል፤ አሁን እናንተ ማንን ትሸሻላችሁ? እውነት ነው፣ መልስ የለኝም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ስደተኛ ሲሆን እኔ ስደተኛነቴን ተቀማሁ። ወደ አገሩ የሚገባው ተመዝግቦ ገባ፤ መግባት የማልችልበት ምክንያት አለኝ ያለው ጉዳዬ ይታይልኝ ብሎ አመለከተ። እኔ ግን ወገቤን ይዤ ሳቅሁባቸው፤ እኔኮ ዳይማ ነኝ!

ሳቁ እስከ ማታ ቡና ነው የቆየው። ዴም ውስጥ ቡና ሲጠጣ ሕግ አዋቂ አይጠፋም። አንዱ ስኒውን አስቀምጦ «ለመሆኑ ኢቃማው ሲሰጥህ በምን ላይ ተመሥርቶ ነው? በስደተኛ ካርድህ ላይ ከሆነ ግንዱ ሲቆረጥ ቅርንጫፉ መድረቁ ነው» አለኝ። ስኳሩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሌላው ጎጃሜ «አንተ ባሕር ዛፍ ቆርጠህ አታውቅም? ከጉቶው ነው የሚያቆጠቁጠው» ብሎ ተከላከለልኝ። ሁለቱ እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ዛፍ ተጨቃጨቁ። እኔ ጉቶ ልሁን ባሕር ዛፍ ሳይታወቅ ቡናው አለቀ።

በዚያች ሌሊት አንድ ጥበብ ተገለጠልኝ፤ ያልተጠየቀ ኢቃማ አይሞትም። ሄጄ «ይሠራል ወይ?» ብዬ እስካልጠየቅሁ ድረስ «አይሠራም» የሚለኝ የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሉት ይኼንን ነው፤ ቢሆንም ላሚቱ ሰማይ ላይ ሆና ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቃኛለች። ከሻ በመጣ ጊዜ፣ ከሻ የሚሉት ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ወረቀት የሌለውን እያፈሰ የሚጭንበት ነው፣ ወጣቶቹ በጣሪያ ሲሮጡ እኔ ቆርቆሮዬን ይዤ በሬ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ለጋ ፖሊስ ወረቀቱን በባትሪ ብርሃን ገለባበጠውና ማኅተሙ ላይ ያለውን ዓመት ሲያይ «ይኼ ከእኔ ይበልጣል» አለ። አጣጥፎ እንደ ታላቅ ወንድሙ በሁለት እጁ መለሰልኝ። ይኼን ያህል ክብር ከገዛ ልጄ አላገኘሁም።

ልጄ ሜልበርን ናት። የጥፋቱ ሁሉ መነሻ እሷ ናት። «አባባ፣ አንተን ወደዚህ የማመጣበት ፎርም አለ፤ ያለህበት አገር ሕጋዊ ነዋሪ ነህ ወይ ይላል» አለችኝ በስልክ።

«ነኝ እንጂ፣ ዳይማ ነኝ።»

«ወረቀቱ አሁን ይሠራል?»

«ሳይሠራ ነው አርባ ምናምን ዓመት የኖርሁት?»

«አባባ፣ ምን ችግር አለው፣ ዝም ብለህ ሄደህ ጠይቃቸው።»

የዘመኑ ልጅ መጠየቅ በነፃ ይመስለዋል።

ሄድሁ። የሄድሁበትን ቀን ስሙልኝ፦ ሚያዝያ 5 ቀን 2015፣ ጸሎተ ሐሙስ። እኔ የሁዳዴው መጨረሻ ላይ ነኝ፣ እነሱ ረመዳን ላይ ናቸው። ጸሐፊው ሆዱ ባዶ፣ የእኔም ሆድ ባዶ፣ በመካከላችን የብረት ፍርግርግ፣ ከውጭ አርባ ዲግሪ ሙቀት። በሌላ ወር ቢሆን እኮ ረፋድ ላይ ለፈጡር ይነሣሉ፤ ፉላቸውን በጋራ ሣህን በልተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ፊታቸው ፈክቶ ይመለሳሉ። ደጅ የሚቀመጡት ሻይ ሻጮች ብዙዎቹ የእኛው አገር ልጆች ስለሆኑ እኔም በዚያች ሰዓት አገር ቤት ደርሼ እመለሳለሁ። በረመዳን ግን ሻይ ሻጭ የለ፣ ፈጡር የለ፣ ያለው የጸሐፊው ፊት ብቻ ነው።

የካርቱም መሥሪያ ቤት በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ነው፦ ኢንሻላህ፣ ቡክራ፣ ማሌሽ። እግዜር ካለ፣ ነገ፣ አይክፋህ። አንደኛው መስኮት ኢንሻላህ ብሎ ደምጋ እንድገዛ ላከኝ። ሁለተኛው መስኮት ማሌሽ ብሎ ደምጋው የሌላ ዓይነት መሆኑን ነገረኝ። ሦስተኛው ፎቶ ኮፒ አምጣ አለኝ፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ያለው ከመንገዱ ማዶ ነው፣ ባለማሽኑ ሶላት ላይ ነው። ወረፋው ላይ ቆሜ ጃንሆይን አሰብሁ። በ1932 ክረምት ከስደት ካርቱም ገብተው፣ እንግሊዞች «ቆይ፣ ቆይ» ሲሏቸው ከግማሽ ዓመት በላይ አለፋቸው፤ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን የተከሉት ጥር 12 ቀን 1933 ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ያስጠበቀች ከተማ ለራዲዮ ጠጋኝ ምን ልታደርግ ኖሯል? ይኼን አስቤ ትንሽ ተጽናናሁ። ጉልበቴ ግን አልተጽናናም።

አራተኛው መስኮት ላይ ደረስሁ። ልጅ ነው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከንፈሩ በጾም የደረቀ።

«ስም ከነአያት ቅድመ አያት» አለኝ። እነሱ አራት ስም ካልተሞላ ሰው ሙሉ አይመስላቸውም።

«ወልደ ሰንበት ኃይሉ ተድላ ዓለሙ። ከፈለግህ እስከ ሰባት ቤት እቀጥልልሃለሁ።»

«አራት ይበቃል ያ ሐጅ። የተወለድህበት?»

«ጃንዋሪ 1 ቀን 1947።»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ምን ላድርግ? ያን ጊዜ የተመዘገብነው ሐበሾች የልደት ቀን ስላልነበረን ሁላችንም በፈረንጅ አዲስ ዓመት ነው የተወለድነው፤ የዚያ ቀን አዋላጅ እጇ ይባረክ። ዓመቱ ደግሞ የእኛው 1947 ነበር፣ እነሱ የፈረንጅ አድርገው ጻፉት። አንዲት ጸሐፊ በአንድ እስክርቢቶ ስምንት ዓመት አስረጀችኝ። ያን ሰሞን ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ ሰውነቴ ወረቀቱን አመነ።

ልጁ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና «ሸበካ ማፊ» አለ። መረብ የለም። ደስ አለኝ፣ በሕይወት ተረፍሁ አልሁ። ዕቃዬን ልሰበስብ ስል ግን የማይጠበቅ ነገር አደረገ፤ ተነሥቶ ወደ ኋላ ክፍል ገባ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ የኮት ያህል ስፋት ያለው፣ ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው መዝገብ ተሸክሟል። ዘጭ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ሲጥለው አቧራው ሀቡብ፣ የአቧራ ማዕበል፣ ሆኖ ሁለታችንንም ሸፈነን። ጣቱን እያረጠበ አልገለጠም፣ ጾም ነዋ፤ በእርሳስ ጀርባ ነው የሚገልጠው። ገለጠ፣ ገለጠ፣ ቆመ።

«ያ ሐጅ፣ ይኼ ፋይል የልጅ ነው።»

«የምን ልጅ?»

«ወለድ ይላል።» ወለድ በዓረብኛ ልጅ፣ ጩጬ ማለት ነው። የክርስትና ስሜን፣ አባቴ በቄስ ያስወጣልኝን «ወልደ»፣ ነጥሎ «ወለድ» ብሎ አንብቦታል። «ወለድ ሰብት» አለ ቀጠለና፤ ሰንበትን ደግሞ ሰብት አደረጋት። የቅዳሜ ጩጬ ሆንሁ። «ልጁ የታለ? ለምን እሱ አልመጣም?»

«ልጁ እኔ ነኝ» አልሁት።

መዝገቡ ላይ የተለጠፈውን ጎፈሬ አየ። ወደ እኔ ራስ ቀና አለ። የእኔ ራስ ላይ እንኳን ጎፈሬ ዝንብ የምትይዘው ነገር የለም። ሳቁን ለመያዝ ታገለና አልቻለም፤ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከኋላዬ የቆመችው ሴትዮም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሳቀች። እንዲያ ስንሳሳቅ ጣቱ በዓምዶቹ ላይ እየሄደ መጨረሻው ዓምድ ደረሰ፤ እዚያ በቀይ እርሳስ የተጫረች አንዲት መስመር አለች። ሳቁ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አነበባት፣ ደግሞ አነበባት።

«ይሠራል?» አልሁት። ድምፄ የሰው ድምፅ መሰለኝ።

«ይኼን ሙዲሩ ነው የሚያውቀው።» አለቃው ማለቱ ነው።

«ሙዲሩ የታሉ?»

«ሄደዋል። ረመዳን ነው። እሑድ ና።»

ነገና ከነገ ወዲያ፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። እሑድ ደግሞ ፋሲካ! ሃምሳ አምስት ቀን ጹሜ፣ ትንሣኤን ሙዲር ፊት ቆሜ ላውል? «እሑድ በዓላችን ነው» አልሁት። «ያለፈው እሑድ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። እሱ የፈረንጆች መሆኑን፣ የእኛና የቅብጦች የአሁኑ መሆኑን በፍርግርጉ ቀዳዳ አስረዳሁት። ሰማኝ፣ እሱስ ጨዋ ልጅ ነው። «እንግዲያው ስትችል ና፤ ግን ወረፋ እንዳትይዝ ይኼን አሳይ» ብሎ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። ቆርቆሮዬ ውስጥ ከዳይማ ጎን አስተኛኋት።

ቅዳሜ፣ ቀዳም ሥዑር፣ ረፋድ ላይ ዶሮው እግሩን ታስሮ ግቢው ውስጥ ነበር፣ ቄጤማ ፈልጌ ልወጣ ጫማዬን እያደረግሁ ነበር። ከአየር ማረፊያው በኩል ተኩስ ተሰማ። ሚያዝያ 7 ቀን መሆኑ ነው፤ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያየው ስለሆነ አልደግመውም። የሠላሳ ዓመት ራዲዮዬን ከፍቼ ማርሽ ጠበቅሁ፤ ማርሽ ቢመታ ቢያንስ አንዱ ሄዶ አንዱ መጥቷል ማለት ነው፣ እለምደዋለሁ። ማርሽ አልመጣም። ፋሲካን በአልጋ ሥር ፈታሁ፣ በቆርቆሮ ፉል። ዶሮው አልታረደም፤ በኋላ ስወጣ ለጎረቤቴ ተውሁላት። «አደራ» አልኋት፤ «እስክትመለስ ነው» አለችኝ።

በወሩ ገላባት ደረስሁ። ሰው እንደ ጉንዳን ተሰልፏል። የድንበሩ ሹም፣ ምስኪን፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም መስሎ፣ «ኢቃማ» አለኝ። እዚያም! አገር እየተቃጠለ ኢቃማ! ቆርቆሮዬን ከፍቼ ሰጠሁት። እግረ መንገዴን፣ መቼም ሄጄበት የነበረ ጉዳይ ነው ብዬ፣ «ያ ኢብኒ፣ ይሠራል?» አልሁት። ወረቀቱን አየው፣ ወደመጣሁበት ወደ አቧራው አየ። «ያ ሐጅ፣ እኔም ልሥራ አልሥራ አላውቅም፣ ደመወዝ አልመጣልኝም» ብሎ ወረቀቱን መለሰና አሳለፈኝ። ከድልድዩ ማዶ መተማ የእኛው ልጅ በሰልፍ አስቁሞ «ተመላሽ ነዎት ወይስ ስደተኛ?» አለኝ። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ሲጠየቅ የኖረ ጥያቄ አገሬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ዳይማ ነኝ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አሁን እንግዲህ ይቺ ባለ ጥፍር ቀለም የቀበሌ ልጅ መሸኛ አምጡ ትለኛለች። ፋይዳ ምዝገባ ቦታም ሄጃለሁ፤ ጣቴን አስነኩ፣ ዓይኔን አስፈጠጡ፣ የልደት ቀን ሲሉኝ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ብዬ አረፍሁ፤ ሌላ ብል ሰውዬው እኔ መሆኔ ይቀራል። ልጄ ከሜልበርን ትደውልና «አባባ፣ ፎርሙ እኮ አሁን ደግሞ የመጨረሻ መኖሪያህን ማስረጃ ይላል» ትለኛለች። ካርቱም የቀረ አንድ ወዳጄ መስመር ሲገኝለት ይደውልልኛል፤ ስለ ቤቴ ሳልጠይቀው፣ ስለ ሱቁ ሳልጠይቀው፣ «ያ መዝገብ ተርፎ ይሆን?» እለዋለሁ። ያብዳል ብሎ ሳይፈራ አይቀርም፤ «ሙዲሩን ባገኘው እጠይቅልሃለሁ» ይለኛል።

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ቆርቆሮውን ልታጸዳ ስትከፍት ብጣሿን አገኘቻትና «ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት? ልጣላት?» አለችኝ። ነጠቅኋት። መነጽሬን አድርጌ አየኋት፤ ማኅተሟ ገና ደማቅ ነው። «አልአሐድ» ትላለች፣ እሑድ። ገልብጬም አየሁ፣ ከታችም ከላይም ፈለግሁ። ቀን የላትም፣ ወር የላትም፣ ዓመት የላትም፤ የትኛው እሑድ እንደሆነ አልተጻፈባትም።